ማንዛናር፦ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ሎስ አንጀለስ አካባቢ ላላችሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን የት ልውሰድ ለምትሉ አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ማንዛናር ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች የታሰሩበት ካምፕ ነው። በ395 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ስትነዱ፣ ሎን ፓይን የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፋችሁ በስተግራ ታገኙታላችሁ። አራት ሰዓት ገደማ ያስነዳል። መግቢያው ነፃ ነው። መዝናኛ አይደለም፤ ይህን አውቃችሁ ሂዱ። እኔ ግን በዚህ አገር ካየኋቸው ሙዚየሞች እሱን የሚበልጥብኝ የለም።

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ጃፓን በዲሴምበር 1941 ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር፣ ፐርል ሃርበርን ደበደበች። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ ጃፓን የሚል ቃል የለም። የጦር አዛዦች ከፈለጉት አካባቢ የፈለጉትን ሰው ማስወጣት ይችላሉ ነው የሚለው። በተግባር ግን 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ ተለቅመው አሥር ካምፖች ገቡ። ከሦስቱ ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለ፣ ምስክር የለ፣ ዳኛ የለ። ሱቁንና እርሻውን በርካሽ የሸጠ ሸጠ፣ ያልቻለ ጥሎት ሄደ። ከአሥሩ ካምፖች አንዱ ማንዛናር ነው። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ነበረበት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገባው ወደ ጎብኚዎች ማዕከሉ ነው። የእኔ ምክር ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ብሎክ 14 ሂዱ። እንደገና የተሠሩት የእንጨት ቤቶች እዚያ ናቸው። አንዱ ክፍል 6 ሜትር በ7 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እስከ ስምንት ሰው ይኖርበት ነበር። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነ ከማያውቁት ሰው ጋር ይዳበላሉ። የብረት አልጋ፣ ጭድ የታጨቀበት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ አምፖል። የወለሉ ጣውላ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ አቧራው ከሥር ይገባ ነበር። ሰዎቹ የጣሳ ክዳን እየመቱ ቀዳዳውን ይደፍኑ ነበር። የዚያ ሸለቆ ነፋስ ሲነሳ እዚያ ከሆናችሁ ነገሩ በደንብ ይገባችኋል።

እኔን ያስቆመኝ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ነው። መቀመጫዎቹ ጀርባ ለጀርባ ተደርድረዋል። በመካከላቸው ግድግዳ የለም፣ መጋረጃ የለም። ሴቶቹ ካርቶን ይዘው እየመጡ ለመከለል ይሞክሩ ነበር። ሰው እስኪተኛ ድረስ ሌሊት የሚጠብቁም ነበሩ። የእኛን እናቶች አስቧቸው። ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ከደጅ የማይወጡትን። ስለ ዜጋ መብት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እንደዚያ ክፍል የነካኝ ግን የለም። ልጄ “እማዬ፣ ምን አድርገው ነው?” አለችኝ። ምንም፣ አልኳት። ከዚህ ሌላ መልስ የለውም።

ከዚያ ወደ ማዕከሉ ተመለሱ። ሕንፃው ራሱ የካምፑ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። የእስረኞቹ ስም የተጻፈበት ግዙፍ ጨርቅ ተሰቅሏል። ስለ ደመወዝም ታነባላችሁ፤ ካምፑ ውስጥ ሐኪም ሆኖ የሚሠራ ሰው በወር የሚከፈለው 19 ዶላር ነበር። እስረኞቹ እንዲሞሉት የተሰጣቸውን የ1943ቱን ቅጽ ግን ሳታነቡ እንዳትወጡ። ጥያቄ 27፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ለማገልገል ፈቃደኛ ነህ ወይ ይላል። ጥያቄ 28 ለአሜሪካ ታማኝ ሆነህ የጃፓንን ንጉሠ ነገሥት ትክዳለህ ወይ ይላል። ከጃፓን የመጡት ወላጆች የአሜሪካ ዜግነት እንዳያገኙ ሕግ ከልክሏቸዋል። እሺ ካሉ አገር አልባ ሊሆኑ ነው። እምቢ ካሉ ደግሞ ከዳተኛ ሊባሉ ነው። እሺ ካሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ጣሊያንና ፈረንሳይ ዘምተው ተዋጉ፤ ያኔ እናትና አባታቸው የሽቦ አጥር ውስጥ ነበሩ።

እኔ ያደግሁት ደሴ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አፈሳ መጣ ሲባል ታላቅ ወንድሜ ቆጥ ላይ ያድር ነበር። ለሁሉም የሚሰጠን ምክንያት ያው ጦርነቱ ነበር። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. (ይኼ በእኛ አቆጣጠር ነው) የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አዲስ አበባ ውስጥ የትግራይ ተወላጆች በገፍ ታስረዋል። እስሩ ዘርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ያኔውኑ ገልጾ ነበር። እዚህ ፓስፖርት ይዘን አሁን ተረጋጋን ለምንለውም ቢሆን ማንዛናር ይመለከተናል። እነዚያም ሰዎች ዜጎች ነበሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ፍሬድ ኮሬማትሱ ለልጆቹ ንገሯቸው። ትእዛዙን እምቢ ያለ የኦክላንድ ልጅ ነው። በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደበት። ጥፋተኝነቱ የተሰረዘለት በ1983 ነው። ኮንግረስ ያቋቋመው ኮሚሽንም በዚያው ዓመት የእስሩ መንስኤ የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ግርግርና የፖለቲካ አመራር ጉድለት መሆኑን አስታወቀ። በ1988 መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፤ በሕይወት ለነበሩት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። አርባ ምናምን ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሳያዩት ሞቱ።

ስለ ጉዞው ደግሞ፦ ጥላ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። በጋ ላይ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ይበልጣል፣ ክረምቱ ይበርዳል። ውኃ በብዛት ያዙ። ምግብ ከፌርፋክስ፣ ከሐበሻ ሰፈሩ፣ ቋጥራችሁ ውጡ፣ ነዳጅ ሎን ፓይን ላይ ሙሉ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ የጁኒየር ሬንጀር ደብተሩን ከማዕከሉ ጠይቁ፤ ሞልተው ሲመልሱ ባጅ ይሰጣቸዋል። ማዕከሉ በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት አስቀድማችሁ ድረ ገጹ ላይ እዩ። ከተመቻችሁ በአፕሪል የመጨረሻው ቅዳሜ ሂዱ። ከ1969 ጀምሮ የሚደረገው የመታሰቢያ ጉዞ በዚያ ቀን ነው፤ ካምፑ ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ቤተሰቦች እዚያው አግኝታችሁ ማነጋገር ትችላላችሁ።