ሕንድ፣ ቪዛግ ከተማ ላለን ተማሪዎች ሞተር፦ ስፕሌንደር፣ ሻይን ወይስ ፕላቲና?

በዚህ ወር ብቻ አራት ልጅ "የቱን ሞተር ልግዛ" ብሎ ደውሎልኛል፣ ሁሉም አንድራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ ከማዲላፓለም ጋጁዋካ በአውቶና በአውቶብስ መመላለስ የሰለቻቸው ናቸው፣ ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። መልሴን ካሁኑ ልንገራችሁ፦ ስፕሌንደር ፕላስ ግዙ።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ያገለገለ 150 ሲሲ ነበር፣ የማን ምርት እንደሆነ ይቆየን። 42 ሺህ ሩፒ ከፈልኩ። ሻጩ ካቴናው አዲስ ነው አለኝ፣ እውነትም ያብረቀርቃል። አዲስነቱ ልክ ነው ግን ፎርጅድ ነበር። ረገበ፣ አጠበቅነው፣ በሳምንቱ ደግሞ ረገበ፣ በሁለተኛው ወር መካኒኩ ሽፋኑን ፈቶ የኋላውን ጥርስ ሲያሳየኝ እያንዳንዱ ወደ አንድ ጎን ተቀልብሶ የድመት ጥፍር መስሏል። ካቴናውን ከነሁለቱ ጥርስ ቀየርኩ፣ ከዛ ፍሪሲዮን፣ ከዛ የፊት አሞርዛተር ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ፣ በስምንት ወር 13 ሺህ ወጣብኝና በ27 ሺህ ሸጥኩት። የከሰርኩት 28 ሺህ ሩፒ የስንት ወር የቤት ኪራይ እንደሆነ እናንተው አስሉት።

አሁን ወደ ዋጋው። የሚያወሩላችሁ ዋጋ ኤክስ ሾውሩም የሚሉት ነው፣ ከኪሳችሁ የሚወጣው ግን ኦን ሮድ የሚባለው ነው፣ የመንገድ ታክስ፣ ምዝገባና ኢንሹራንስ ሲገባበት ከ10 ሺህ በላይ ይጨምራል (ለአዲስ ሞተር የሦስተኛ ወገኑን የአምስት ዓመት አንዴ መክፈል ግዴታ ነው)። እኤአ መስከረም 2025 ላይ የሽያጭ ታክሱ (ጂኤስቲ) ከ28 ወደ 18 በመቶ ሲወርድ ፕላቲና 100 ወደ 65 ሺህ፣ ስፕሌንደር ፕላስ ወደ 74 ሺህ፣ ሻይን 125 ወደ 79 ሺህ አካባቢ ነበር፣ ኤክስ ሾውሩም ማለቴ ነው። ቤንዚን እዚህ ከ100 ሩፒ በላይ ስለሆነ እሱንም ቁጠሩ፦ በሳምንት ስድስት ቀን 30 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በወር 800 ገደማ ይሄዳል፣ ስፕሌንደር በሊትር 60 ሲሄድ 13 ሊትር ይበቃዋል፣ በሊትር 40 የሚሄድ 150 ሲሲ ደግሞ 20 ሊትር ይጠጣል። በየወሩ የ700 ሩፒ ልዩነት አለው።

ፕላቲና ርካሽ ነው፣ ሞላውም ከሁሉም ይለሰልሳል። እዚህ አገር ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በየሰፈሩ አለ፣ ማታ የመንገድ መብራት በሌለበት ድንገት ከስራችሁ ብድግ ሲል ወገባችሁ ያመሰግነዋል። (አገር ቤት ባጃጅ ስንል ባለሦስት እግሩ ነው ትዝ የሚለን፣ ፕላቲናም የዛው ኩባንያ ነው።) ሻይን 125 ደግሞ ጉልበት አለው፣ ሰው ጭናችሁ የሲምሃቻላምን ዳገት የምትወጡ ከሆነ ልዩነቱ ይሰማችኋል፣ የፊት ዲስክ ፍሬን ያለውም አለ። ስፕሌንደር እዚህ ላይ ይሸነፋል፣ አልክድም፣ ሸራ ፍሬኑ የዝናቡ ወቅት ላይ ውሃ ሲገባው ለጊዜው ይደክማል፣ ስለዚህ ጎርፍ ካቋረጣችሁ በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉት፣ ይደርቃል።

ታዲያ ለምን ስፕሌንደር? እኤአ ከ1994 ጀምሮ፣ ኩባንያው ገና ሄሮ ሆንዳ ይባል ከነበረበት ጊዜ አንስቶ፣ ሕንድ ውስጥ ያልደረሰበት መንደር የለም። አሁን የምነዳው እሱን ነው። አንዴ ከአራኩ ስመለስ የፍሪሲዮን ገመድ ተበጠሰብኝ፣ ገፍቼ አንድ መንደር ደረስኩ፣ ኒም ዛፍ ስር ጎማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ከቆርቆሮ ሳጥናቸው ገመድ አወጡና በሃያ ደቂቃ ቀየሩልኝ፣ ከነእጅ ዋጋው 150 ሩፒ። ሌላ ሞተር ቢሆን ያን ገመድ እዛ ሳጥን ውስጥ ማግኘቴን እጠራጠራለሁ። ስትሸጡትም ገዢ አያሳጣችሁም፣ እኛ ተማሪዎች ነን፣ ዲግሪው ሲያልቅ መሸጣችን አይቀርም።

ግን በጣም ስለሚሸጥ ፎርጅድ መለዋወጫውም የዛኑ ያህል ብዙ ነው። ከመንገድ ዳር ሱቅ ካቴና፣ የፍሬን ሸራና ካንዴላ አትግዙ፣ ማሸጊያው አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው፣ ሕትመቱን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ፊደሉ ደብዝዟል፣ ዋጋውም ግማሽ ነው። ከኩባንያው ወኪል ገዝታችሁ ለመንደር መካኒክ ስጡት፣ እንደዛ ነው የሚያዋጣው።

ያገለገለ ስፕሌንደር ከሆነ እኤአ ከሚያዝያ 2020 ወዲህ የተመረተ ፈልጉ፣ ካርቡራተር የለውም፣ በኢንጀክሽን ነው። አርሲው (የምዝገባ ደብተሩ) ላይ ያለውን የሻሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ከሆነ ኤንኦሲ (ከተመዘገበበት ስቴት የሚሰጥ ተቃውሞ የለም የሚል ወረቀት) ጠይቁ፣ ስም ሳይዛወር ሙሉ ብር አትስጡ። ሄዳችሁ የምታዩትም በጠዋት ይሁን፣ ሻጩ እንዳያሞቀው ሳትነግሩት ሂዱ። ማርሚታውን በእጃችሁ ዳሱት፣ ቀዝቃዛ ካልሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ በኪክ አስነሱትና ጭሱን እዩ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዋጋ ሳትከራከሩ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።