ከመግዛታችሁ በፊት ፐርሰንቱን እዩ፦ አትሮፒን ጠብታ ለልጆች ማዮፒያ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ማዮፒያን (ሩቁ ብዥ የሚልበትን የዓይን ችግር) ለማዘግየት ለሚታዘዘው ጠብታ ከአምስት ኮከብ አራት፣ ለአገኛኘቱ ሁለት። ጠርሙሱ ላይ 0.01 ፐርሰንት የሚል ከሆነ ግን እኔን አትስሙኝ፤ አራቱ ኮከብ ለ0.05 ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለች ሰሌዳው አልታይ አላትና መነጽር ተገዛላት። በዓመቱ የመነጽሯ ቁጥር ከ -2.25 ወደ -3.25 ዘለለ። መነጽር የምንገዛበት ሱቅ “ልጅ ሲያድግ ያለ ነው” ብሎ ፍሬም ያስመርጠናል፣ ካርድ ያስከፍለናል፣ በቃ። ቁጥሩን ማዘግየት እንደሚቻል አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። የሰማሁት ልጇን ከምታሳክም የሥራ ባልደረባዬ ነው። በእሷ ጥቆማ የልጆች ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው የዓይኗን ርዝመት በማሽን መለካት ነበር። አገጭ ይደገፋል፣ አንድ ብርሃን ይታያል፣ አለቀ፤ ምንም አይነካም። ማዮፒያ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ደከመ ማለት ሳይሆን የዓይን ኳስ ወደ ኋላ ከልክ በላይ ረዘመ ማለት ነው። ብርሃኑ ሬቲና (በዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ መሰብሰብ ሲገባው ከፊቱ ይሰበሰባል። መነጽር ብርሃኑን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ መርዘሙን ግን ተራ መነጽር አያስቆመውም። በጣም የረዘመ ዓይን ደግሞ ሲያድጉ ለሬቲና መላቀቅና ለግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ለሚጎዳ በሽታ) የበለጠ ይጋለጣል። የእኔ ጭንቀት ይሄ ነው እንጂ መነጽር ማድረጓስ ያምርባታል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ “አታስለምጃት፣ መነጽር ዓይን ያሰንፋል” ትለኛለች። ብዙ ቤት ይሄ ይባላል። ማሌዥያ ውስጥ ተጠንቶ በ2002 የወጣ ሥራ አለ፤ ሆን ተብሎ አነስ ያለ ቁጥር የተሰጣቸው ልጆች ማዮፒያቸው እንዲያውም ፈጥኖ ጨመረ። ስለዚህ እማዬ፣ መነጽሯን ታድርግ።

ወደ ጠብታው ልምጣ። አትሮፒን አዲስ መድኃኒት አይደለም። ሲንጋፖር 1 ፐርሰንቱን 400 ልጆች ላይ ሞክራ ውጤቱ በ2006 ሲታተም ማዮፒያውን ክፉኛ አዘግይቶት ነበር። ችግሩ ብሌን ይበረግዳል፣ ቅርብ ማንበብ ይከለክላል፣ ሲቆም ደግሞ ማዮፒያው በፍጥነት ይመለሳል። እዚያው ሲንጋፖር እስከ 0.01 ድረስ አቅጥነው ሞከሩና በ2012 ያወጡት ውጤት 0.01ን ዝነኛ አደረገው። ጉዳቱ ትንሽ ነዋ! ሐኪሙ ሁሉ እሱን ማዘዝ ጀመረ።

ከዚያ የሆንግ ኮንጎቹ መጡ። 438 ልጆች ይዘው ሦስት መጠኖችን መድኃኒት ከሌለበት ጠብታ ጋር አወዳደሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶውን ጠብታ ያገኙት ልጆች ቁጥር በአማካይ 0.81 ጨመረ። 0.01 ያገኙት 0.59፣ 0.025 ያገኙት 0.46፣ 0.05 ያገኙት 0.27። እዚህ አሜሪካ ደግሞ 187 ልጆች ላይ 0.01ን ለሁለት ዓመት ሞክረው በ2023 ያወጡት ውጤት ከባዶው ጠብታ ምንም አልተሻለም።

የእኛም ቤት እንደዚያው ነው የሆነው። በ0.01 ጀመርን፤ በዓመቱ 0.75 ጨመረች። ሐኪሟ ወደ 0.05 ቀየረችው፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪው 0.25 ብቻ ሆነ። የአንድ ልጅ ዓይን ማስረጃ አይሆንም፤ ዕድሜ ሲገፋ ፍጥነቱ በራሱም ይቀንሳል። ቢሆንም ደስ ብሎኛል፣ ምን ልዋሽ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ማታ ጥርሷን ቦርሻ ትጋደማለች። የታችኛውን ቆብ በጣቴ ዝቅ አድርጌ አንድ ጠብታ። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍንና በአፍንጫዋ በኩል ያለውን ጥግ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫን አድርጌ እይዛለሁ። ይሄን ካልያዝኩ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርድና “መረረኝ!” ብላ ተነስታ ወደ ውኃ ትሮጣለች። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ማን ያስተኛታል?

ጉዳቱስ? 0.05 ላይ ብሌኗ ሰፋ ማለቱ ያስታውቃል። በረዶ የጣለ ቀን ከቤት ስትወጣ ዓይኗን ታጨማድዳለች፤ ፀሐይ ላይ የሚጠቁር መስታወት አሠራንላት። ማንበብ ላይ አላስቸገራትም። እናቴ በቪዲዮ አይታት “ዓይኗ ምነው እንዲህ ጠቆረ? አስተናግር በላች እንዴ?” አለች። ሳቅኩ፤ ግን ልክ ናት። አስተናግር ውስጥ ያለውና ብሌን የሚበረግደው ነገር ከአትሮፒን ጋር አንድ ዘር ነው።

አሁን ሁለት ኮከብ ወዳሰጠው ጉድ። እኛ ስንጀምር ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) ለልጆች ማዮፒያ ብሎ ያጸደቀው የተዘጋጀ አትሮፒን አልነበረም። ስለዚህ ቀምሞ የሚሸጥ ፋርማሲ አቅጥኖ ያዘጋጀዋል። ኢንሹራንሳችን “አንከፍልም” አለ፤ በወር 60 ዶላር ገደማ ከኪስ። የመጀመሪያው ፋርማሲ፣ ስሙ ይቅር፣ ጠርሙሱ ካለቀ በኋላ እንኳ ሳይልክ ያቆየናል። ስደውል “መንገድ ላይ ነው” ይሉኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ያለበትን በሐምሌ ሙቀት ያለ በረዶ ከረጢት ላኩት። አሁን ሄጄ የምወስድበት ትንሽ ፋርማሲ አግኝቻለሁ፤ ዋጋው ለሁለቱም መጠን አንድ ነው።

ሌላ ምርጫም አለ። ማይሳይት የሚባለውን የአንድ ቀን ኮንታክት ሌንስ ኤፍዲኤ በ2019 አጽድቆታል፤ በሦስት ዓመት ሙከራ የማዮፒያውን ጭማሪ በ59 ፐርሰንት ቀንሷል። የእኔ ልጅ ጣት ወደ ዓይኗ ሲመጣ ስለምትጮህ አልሞከርነውም። ነጻውን መድኃኒት ደግሞ አትርሱ፦ ደጅ መውጣት። ቻይና፣ ጓንግዡ ውስጥ በቀን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ የወጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 ፐርሰንት ነበሩ፤ ካልወጡት ግን 39.5። እኛ ከትምህርት ቤት መልስ በቀጥታ መናፈሻ ነው፤ ታብሌቱ ቤት ይጠብቃል።

ስትጀምሩ ማቆሚያውንም ጠይቁ። በልጅነት ቶሎ ካቋረጡት የመመለስ ነገር አለው፤ ስለዚህ 60 ዶላሩን በዓመት ሳይሆን በብዙ ዓመት አባዙት።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ አንድ ነገር። ፋርማሲ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘው አትሮፒን አብዛኛውን ጊዜ 1 ፐርሰንት ነው፤ የእኛ 20 እጥፍ ማለት ነው። “ውኃ ጨምሬ ላቅጥነው” የሚል እንዳይኖር፤ ጀርም ይገባበታል፣ መጠኑም አይታወቅም። የልጆች ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱና ማቅጠኑን በንጽሕና የሚሠራ ቦታ እንዳለ እሱን ጠይቁት።