የጥንት ግብፅን ተረት ለማንበብ፦ ያገለገለ መጽሐፍ ወይስ የአራት ኪሎ ጥራዝ?

መሀል አዲስ አበባ ያለ ተማሪ የጥንት ግብፅን አፈ ታሪክ ላንብብ ቢል ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ መፈለግ ነው። ሌላው ፒዲኤፉን አራት ኪሎ ወዳሉት ኮፒ ቤቶች ወስዶ ማስጠረዝ ነው። ሁለቱም ያስነብባሉ፤ የሚሰጡት ግን አንድ አይደለም።

ያገለገሉት ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ለወጣቶች በቀላል እንግሊዝኛ እንደ አዲስ የተተረከ መጽሐፍ ነው። ቋንቋው አይከብድም፣ ሥዕል አለው፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል። ችግሩ ምንጩን አለመናገሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ የምትፈትኑበት መንገድ አለ፦ በአዞ፣ በእባብ ወይም በውሻ እንደሚሞት የተነገረለትን ልዑል ተረት ፈልጉና መጨረሻውን አንብቡ። ተረቱ የተጻፈበት ፓፒረስ (ከሸምበቆ መሰል ተክል የተሠራ የጥንት ወረቀት) መጨረሻው ጠፍቷል፤ ልዑሉ ይሙት ይዳን የሚያውቅ የለም። መጽሐፉ ይህን ሳይናገር በደስታ ከደመደመላችሁ፣ ሌሎቹንም እንዲሁ ሞልቷቸው ሊሆን ይችላልና ጠርጥሩ።

የሙታን አምላክ የተባለው የኦሲሪስ ታሪክ ላይ ይኸው ችግር ይብሳል። ወንድሙ ገድሎት አካሉን 14 ቦታ ቆራርጦ እንደበተነው፣ ሚስቱ ኢሲስም ዞራ እንደፈለገችው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተረከው ግሪካዊው ፕሉታርክ ነው፤ የኖረውም ከክርስቶስ ልደት በኋላ ነው። ግብፃውያኑ ራሳቸው ከእሱ 2,400 ዓመት ገደማ ቀድመው በሳቃራ፣ በንጉሥ ኡናስ ፒራሚድ ግድግዳ ላይ የቀረጹት ኦሲሪስን የሚጠራ ጸሎትና ድግምት ነው እንጂ የተያያዘ ተረት አይደለም። ሁለቱን ሰፍቶ አንድ ልብ ወለድ ያደረገ መጽሐፍ ተማሪውን ግራ ያጋባዋል፤ ሆረስ አንዴ የኦሲሪስ ልጅ፣ አንዴ ወንድሙ ሆኖ ይመጣበታልና። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። በተለያየ ዘመንና ከተማ የተነገረው ነገር አንድ ላይ ስለታጨቀ ነው።

የእንግሊዛዊው ሊቅ የዋሊስ ባጅም ትርጉሞች በየቦታው ይገኛሉ። ክብረ ነገሥትን እ.ኤ.አ. በ1922 በእንግሊዝኛ ያሳተመው እሱ ነው፤ ስሙን ከዚያ የምታውቁት ትኖራላችሁ። የሙታን መጽሐፍ የተባለውን፣ ከሙታን ጋር ይቀበር የነበረውን የግብፃውያን የድግምት ስብስብ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 አሳትሟል። የግብፅኛ ሰዋስው ጥናት ከእሱ ወዲህ ብዙ ስለተራመደ፣ ለክፍል ሥራ እሱን ብቻ መጥቀስ አይበቃም።

ምርጫው ጥራዙ ነው፤ ለዚያም የፈረንሳዊው የግብፅ ተመራማሪ የጋስቶን ማስፔሮ የግብፅ ተረቶች ስብስብ፣ እ.ኤ.አ. የ1915ቱ የእንግሊዝኛ ትርጉም። ማስፔሮ በየተረቱ መግቢያ ላይ ከየትኛው ፓፒረስ እንደወሰደው፣ የቱ ጋ እንደተቀደደ ይናገራል። ከዚህ ላይ ስለ ኢሲስና ኦሲሪስ የሚለውን የፕሉታርክን ድርሰት ከምዕራፍ 12 እስከ 19 ብቻ ጨምሩ፤ የኦሲሪስ ታሪክ ያለው እዚያ ነው። ከባጅ ደግሞ ትርጉሙን ብቻ ውሰዱ፤ ሂሮግሊፉ (የግብፃውያን የሥዕል ጽሕፈት) በየመስመሩ የገባበት ክፍል ወረቀት ከማብዛት ሌላ ለጀማሪ አይጠቅምም።

ኮፒ ቤት ስትሄዱ ፋይሉን ወደ ወርድ አታስቀይሩ። ነጥብና ሰረዝ ያለባቸው የግብፅ ስሞች ፎንቱ ከሌለ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። በፍላሽ ከመስጠት በቴሌግራም በፋይል መልክ መላክ ይሻላል፤ ፍላሽ ከየኮምፒውተሩ ቫይረስ ይለቅማል። ፊትና ጀርባ ይታተም፣ ግን በአንድ ገጽታ ሁለት ገጽ አይሁን፤ የግርጌ ማስታወሻው አይነበብም። በሙጫ ከተጠረዘ በጥራዙ በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ካልተተወ የመስመሩ ጫፍ ይዋጣል። ለሚጠና ነገር ስፓይራል ይመረጣል፤ ከ200 ቅጠል ካለፈ ለሁለት ይከፈል።

ከለር የሚያስፈልገው ለጥቂት ገጽ ነው። እንደ ብራና መጻሕፍቶቻችን ሁሉ የግብፅ ጸሐፍትም የክፍል መጀመሪያን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው 24 ሜትር ገደማ የሆነው የአኒ ፓፒረስ (አንዱ የሙታን መጽሐፍ ቅጂ) ፎቶ በጥቁር ቀለም ብቻ ሲወጣ ይህ ልዩነት ይጠፋል። የልብ ሚዛኑን ትዕይንት ብቻ እንኳ በከለር አሳትሙ።

ይህ ትዕይንት ለእኛ አንባቢ እጅግ የቀረበ ነው። ልብ ከእውነት ላባ ጋር ይመዘናል፣ አማልክት በዳኝነት ይቀመጣሉ፣ የጸሐፍት አምላክ ቶት ይጽፋል፣ የአዞ ራስ፣ የአንበሳና የጉማሬ አካል ያላት አውሬ ትጠብቃለች። 78 ሰው የበላውን የበላኤ ሰብን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሰው ሚዛኑን ወዲያው ያውቀዋል። ልዩነቱም ያን ጊዜ ጎልቶ ይታየዋል፦ ለበላኤ ሰብ እፍኝ ውኃና የእመቤታችን ምልጃ ደረሰለት፤ ግብፃዊው ግን በሙታን መጽሐፍ ምዕራፍ 30 የሚለምነው የገዛ ልቡን ነው፣ እንዳትመሰክርብኝ እያለ። ይህን ጎን ለጎን አንብቦ የማይደነቅ ተማሪ ያለ አይመስልም።

የፕሉታርክ ምዕራፍ 12ም እንዲሁ ነው። ቶት ከጨረቃ ጋር ገበጣ መሰል ጨዋታ ተጫውቶ ከብርሃኗ ያሸነፈውን አጠራቅሞ አምስት ቀን አደረገ፤ የሰማይ አምላክ የሆነችው ኑትም አምስት ልጆቿን በእነዚያ ቀኖች ወለደች። ከ12ቱ ባለ 30 ቀን ወሮች በላይ የተረፉት እነዚህ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ናቸው። ማስፔሮ ውስጥ ደግሞ የሁለቱን ወንድማማቾች ተረት አስቀድሙ፤ የታላቅየው ሚስት ታናሹን ለምና እምቢ ሲላት በሐሰት ስትከሰው ዘፍጥረት 39 ላይ ያለው ዮሴፍ ፊታችሁ ይመጣል። የመርከበኛውን ተረት የሚያነብም የፑንት (በቀይ ባሕር አካባቢ የነበረ ጥንታዊ አገር) ጌታ ነኝ የሚለውን 30 ክንድ እባብ ሲያገኝ አርዌን ማስታወሱ አይቀርም፤ ይህኛው እባብ ግን ደግ ነው፣ ዘመዶቹን በወደቀ ኮከብ ያጣ ኀዘንተኛ።

የማስፔሮ አንድ ጉድለት የሆረስና የአጎቱ የ80 ዓመት ሙግት አለመኖሩ ነው። ፓፒረሱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ስለሆነ ነው። ስለዚህ ጥራዙን ከማስጠረዛችሁ በፊት የዚህን ተረት ትርጉም ለብቻው ፈልጋችሁ ከመጨረሻው አስገቡት፤ ስፓይራል ከሆነ ግን ቆይቶም ይጨመራል።