የ2024ቱ የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተጫዋቾች መጽሐፍ፦ የዘሮች ምዕራፍ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ተጫዋቾች በምናባዊ ዓለም ገጸ ባሕሪ ሆነው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው፤ ዘር ማለት ደግሞ የገጸ ባሕሪው የፍጡር ዓይነት ነው። የራሱን ዘር መቅረጽ ለሚፈልግ ሰው ይህ ምዕራፍ ጥሩ መማሪያ ነው። 10 ዘሮች አሉት። ትልቁ ለውጥ የችሎታ ነጥብ ጭማሪው ከዘር ወጥቶ ወደ ገጸ ባሕሪው የቀድሞ ሕይወት መዛወሩ ነው፤ አሁን ድዋርፍ (አጭርና ጠንካራ ፍጡር) የሆነ አስማተኛ ከጅምሩ ወደኋላ አይቀርም። ተገቢ ውሳኔ ነው።

ድራገንቦርንን፣ ማለትም ዘንዶ መሰሉን ዘር፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በ2014ቱ እትም እሳት መትፋት ሙሉ አክሽን (በአንድ ተራ የሚፈቀደውን ዋና ድርጊት) ይበላ ስለነበር፣ ከ5ኛ ደረጃ ጀምሮ ሁለቴ የሚመታ ተዋጊ ብዙም አይጠቀምበትም ነበር። አሁን የሚተካው አንድ ምት ብቻ ነው፤ ጉዳቱም በ1ኛ ደረጃ አንድ ባለ 10 ገጽ ዳይስ ነው። ክንፍ የሚያወጣው በ5ኛ ደረጃ ነው፣ ያውም ለ10 ደቂቃ፣ በአንድ ረጅም እረፍት አንዴ። ይህን ልክ ያዙት። በ1ኛ ደረጃ ያለገደብ የሚበር ዘር ከሠራችሁ ገደሉም፣ ወጥመዱም፣ በቅርብ ብቻ የሚዋጋው ጭራቅም ዋጋ ያጣሉ።

ከሰው ጋር የተዳቀሉት ዘሮች፣ ግማሽ ኤልፍና ግማሽ ኦርክ፣ መቅረታቸው ቅር ያሰኛል። አዲስ ዘር መሥሪያ መመሪያም ምዕራፉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ድዋርፍን መለኪያ አድርጉት፦ በጨለማ 120 ፉት ማየት፣ መርዝን መቋቋም፣ በየደረጃው 1 ተጨማሪ የሕይወት ነጥብ፣ በድንጋይ ላይ ንዝረት መስማት። የእናንተው ዘር ከዚህ ከበለጠ ቀንሱለት።