አዲስ ስፓርክ 20 ወይስ ያገለገለ ጋላክሲ ኤስ10?

ስልክ ልግዛ ብሎ ምክር የሚጠይቀኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ መብራት ነው። ሰፈራችሁ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል? ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ማታ እስክትመለሱ ቻርጀር የምትሰኩበት ቦታ አላችሁ? ስለ ካሜራ ሊያወራ የመጣ ሰው በጥያቄው ግር ይለዋል። እኔ ግን መልሱን ሳልሰማ የትኛውንም ስልክ አልመክርም።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ስትዘጋጅ አብሬያት መርካቶ ሄድኩ። ቤተሰቡ ያዋጣላት ገንዘብ ከሁለት ስልኮች ፊት አቆመን። አንደኛው ከካርቶኑ ያልወጣ ቴክኖ ስፓርክ 20 ነው። ሁለተኛው የሰው እጅ ያየ፣ ጠርዙ ትንሽ የተፋቀ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10። «ጋሼ፣ ካሜራውን እስኪ ይዩት!» አለችኝ ጋላክሲውን እያሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ካሜራው ያምራል። ቢሆንም የዚያን ዕለት ከሱቅ ሱቅ ስንዞር ያሰላነውን ሁሉ እዚህ የማሰፍረው፣ መካከለኛ በጀት የያዘ ሰው ሁሉ የሚያመነታው በእንዲህ ያለ ጥንድ መካከል ስለሆነ ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወድዷል፤ ተሳስቶ መግዛትም እንደ ድሮው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዋጋ ግን አልጽፍም፤ ከአንድ ሱቅ ወደ ሌላው፣ ከአንድ ሳምንት ወደ ሌላው ይለያያል።

ከባትሪው ልጀምር። የስፓርኩ ባትሪ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። የጋላክሲው አዲስ ሳለ 3,400 ነበር። «ነበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የሊቲየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ አንድ አምስተኛ ገደማ ማጣቱ የተለመደ ነው። ጋላክሲ ኤስ10 ደግሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ባትሪው ካልተቀየረ ዛሬ በእጃችሁ የሚገባው ስልክ 2,700 አካባቢ ቢይዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህም ከስፓርኩ ግማሽ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ይመስላል። መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ባደረበት ጠዋት ግን አንደኛው ስልክ ከሥራ ቦታ ድረስ ያደርሳችኋል፣ ሌላኛው ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጠፋል።

ፓወር ባንክ ይፈታዋል የሚሉኝ አሉ። በከፊል እውነት ነው። 10,000 ተብሎ የተጻፈበት ፓወር ባንክ ግን ኃይሉን ከ3.7 ወደ 5 ቮልት ሲቀይርና ከፊሉን በሙቀት ሲያጣ፣ ለስልኩ የሚደርሰው 6,000 ወይም 6,500 ያህል ነው። ያረጀውን ጋላክሲ ሁለት ጊዜ ይሞላዋል፤ ስፓርኩን አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል። ጋላክሲውን የሚመርጥ ሰው የፓወር ባንኩን ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ጋር ደምሮ ያስላ፤ ፓወር ባንኩም ራሱ መብራት ሲኖር መሞላት እንዳለበት አይርሳ።

መብራት ሲጠፋ የሚታወሰኝ ሌላው ነገር ሬዲዮ ነው። ስፓርኩ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አለው። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እንደ አንቴና ተጠቅሞ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ፓኬጅ ይሠራል። ጋላክሲ ኤስ10 ላይ ኤፍ ኤም የተከፈተው ለአሜሪካና ለካናዳ ገበያ በተሠሩት ብቻ ነው። ለወጣቶች ቁም ነገር ላይመስል ይችላል። ለእናቴ የሚገዛ ስልክ ቢሆን ግን ይህ አንድ ነገር ብቻውን ያስወስነኝ ነበር።

አሁን ጋላክሲው ወደሚበልጥበት ልለፍ፤ የሚበልጥበት ቦታ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ስክሪኑ በ1440 በ3040 ነጥብ የተሠራ አሞሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ዓይነት) ነው፤ የስፓርኩ 720 በ1612 ነው። በቀትር ፀሐይ አደባባይ ላይ ቆማችሁ መልእክት ለማንበብ ስትሞክሩ ልዩነቱ ዓይን ላይ ይወድቃል። ፍጥነቱም እንደዚያው። የስፓርኩ አንጎል ሄሊዮ ጂ85 ለርካሽ ስልኮች የተሠራ ነው፤ የጋላክሲው ግን በዘመኑ ከነበሩት የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነበር፣ ዛሬም ከባድ ፋይል ሲከፈትና ቪዲዮ ሲቆረጥ ብልጫው ይታያል። የስፓርኩ ካርቶን ላይ ስለ 16 ጊጋ ራም የሚያወራ ጽሑፍ ብታዩ አትደናገጡ፤ እውነተኛው ራም (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ) 8 ነው፣ ቀሪው 8 ከማከማቻው ላይ የተበደረ ቦታ ነው። ከማከማቻ የተበደረ ቦታ የራምን ፍጥነት ሊኖረው አይችልም። ጋላክሲውም ራሙ 8 ነው፤ በዚህ እኩል ናቸው።

ስለ ካሜራ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ስፓርኩ 50 ሜጋፒክስል፣ ጋላክሲው 12 ሜጋፒክስል ተብሎ ሲነገር ሃምሳው አራት እጥፍ የሚበልጥ ይመስላል። የሃምሳ ሜጋፒክስል ካሜራ በተለመደው አሠራሩ አራት አራቱን ነጥብ እንደ አንድ አዋህዶ የሚያወጣው ፎቶ 12.5 ሜጋፒክስል አካባቢ ነው። ፎቶውን የሚለየው ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃንና የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው አሠራር ነው። ጋላክሲው በዋናው ካሜራው ላይ ሌንሱን የሚያረጋጋ መሣሪያ አለው፤ ስፓርኩ የለውም። በተጨማሪም ሩቁን የሚያቀርብና ሰፊ ቦታ የሚይዝ ሁለት ሌሎች ካሜራዎች አሉት። ቀን ላይ ደጅ የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ብዙ ላትለዩ ትችላላችሁ። ማታ በሠርግ አዳራሽ ወይም ሻማ በበራበት ቤት ውስጥ ግን የጋላክሲው ፎቶ ሌላ ነው። በቴሌግራም ልብስና ጫማ ለምትሸጥ ሴት ይህ ልዩነት ገበያ ነው፤ ጨርቁ በትክክለኛ ቀለሙ ካልታየ ደንበኛዋ ዕቃውን ትመልሳለች።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የባንክ መተግበሪያዎችም እዚያው ላይ ናቸው። እንዲህ ያለ ስልክ የደኅንነት ማሻሻያ ያስፈልገዋል። ጋላክሲ ኤስ10 በአንድሮይድ 9 ወጥቶ በአንድሮይድ 12 ቆሟል፤ የደኅንነት ማሻሻያውም እ.ኤ.አ. በ2023 አብቅቷል። ስፓርክ 20 ሲወጣ አንድሮይድ 13 ይዞ ነው። እዚህ ላይ ለስፓርኩ ብዙ ማሞገስ አልፈልግም፤ በዚህ የዋጋ ደረጃ ያሉ ስልኮች ለብዙ ዓመታት ማሻሻያ የሚደርሳቸው አይደሉም፣ ከፋብሪካ አብረው የሚመጡት መተግበሪያዎችም ማስታወቂያ ይልካሉ (ከማሳወቂያ ማስተካከያው ገብታችሁ አንድ በአንድ አጥፏቸው)። ጋላክሲውም ነገ ጠዋት ሥራ አያቆምም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አገልግሎቱን ያቋረጠው አንድሮይድ 4.4 ላይ ነው፤ ከ12 ገና ሩቅ ነው። ነገር ግን ደመወዙንና የዕለት ሽያጩን በስልክ የሚቀበል ሰው ማሻሻያው በተቋረጠ ስልክ ላይ ገንዘቡን ሲያስቀምጥ ማየት ልቤ አይፈቅድም። ጋላክሲ ካልሆነ የሚል ሰው ትንሽ ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ኤስ21 ቢፈልግ ይሻለዋል፤ እርሱ እስከ አንድሮይድ 15 ደርሷል፣ ባትሪውም አዲስ ሳለ 4,000 ነው። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ግን የለውም።

ሲም ካርድን በተመለከተ፣ ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ሁለት መስመር ይዘናል። ስፓርኩ ሁለት ሲምና አንድ ሚሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ ይይዛል። ጋላክሲው ግን ለየትኛው አገር እንደተሠራ መታወቅ አለበት። የሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዩ ያለበት የአሜሪካ ነው፣ ኤን ያለበት የኮሪያ ነው፤ ሁለቱም አንድ ሲም ብቻ ይቀበላሉ። ኤፍ የሚለው ዓለም አቀፉ ሲሆን ከጎኑ ዲኤስ ከተጻፈበት ሁለት ሲም አለው፤ ሁለተኛው ሲም ግን ከሚሞሪ ካርዱ ጋር አንድ ቦታ ይጋራል፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ለኮሪያ ገበያ የተሠራው ደግሞ ፎቶ ሲያነሣ ድምፁን ማጥፋት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ለቅሶ ቤት ውስጥ ያንን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል።

ከአሜሪካ ዘመድ ስልክ ሊልክላችሁ ከሆነም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እዚያ የሚሸጠው አይፎን ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተገጠመ ዲጂታል ሲም ብቻ ይሠራል። ብዙ ወጪ የወጣበት ስጦታ ደርሶ ሲም የሚገባበት ቀዳዳ ሲፈለግ ማየት ያሳዝናል።

ስልክ ይወድቃል፤ ስለዚህ ጥገናውም ይታሰብ። የቴክኖ አምራች ትራንሽን ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ መለዋወጫውን የማያውቅ ጠጋኝ በየከተማው አይገኝም ማለት ይቻላል። የስፓርኩ ስክሪን ተራ ኤልሲዲ ስለሆነ ቢሰበር ኪስን ብዙ አይጎዳም። የጋላክሲው አሞሌድ ስክሪን ግን ውድ ነው፤ ኦሪጅናሉን ማግኘትም አድካሚ ነው። ባትሪውን ለመቀየርም የጀርባው መስታወት በሙቀት ተላቅቆ እንደገና መጣበቅ አለበት። ጋላክሲው ውኃ እንደማይገባው የሚነግሯችሁ ሻጮች አሉ። አዲስ ሳለ እውነት ነበር። አንድ ጊዜ ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ግን ያ መከላከያ አለ ብላችሁ አትመኑ።

የእኅቴ ልጅ ስፓርኩን ወሰደች። አንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ ለስንት ሰው ስንት ሶኬት እንዳለ ቀድመዋት የገቡ ጓደኞቿን ጠይቃ መልሱን ስትሰማ ራሷ ወሰነች። በሞተር ዕቃ ለሚያደርስ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል ሹፌር፣ መብራት ለማይጸናበት ገጠር ለሚሄድ መምህር የምመክረውም ይህንኑ ነው። ጋላክሲውን የምመክረው ፎቶ ለእንጀራው ለሚያስፈልገው፣ ሶኬት አጠገቡ ለሆነና ገንዘቡን በሌላ ስልክ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ስፓርኩ ያሳንሰዋል።

ጋላክሲውን ከመረጣችሁ ግን ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ጊዜ ውሰዱ። አንድ የቅርብ ወዳጄ የገዛው ያገለገለ ስልክ ሦስት ሳምንት በሰላም ሠርቶ፣ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያው ባለቤት ያልከፈለው ዕዳ አለበት የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ተቆለፈ። ሻጩ አላውቅም አለ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ስለዚህ ስልኩ እዚያው እናንተ ፊት ሁሉ ነገር ተደምስሶ እንደ አዲስ ይነሣ። ሲነሣ የቀድሞውን ሰው የጉግል አካውንት ከጠየቀ ስልኩን አትግዙት። ከኢንተርኔት ጋር አገናኙትና ትንሽ ጠብቁ። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉበት፤ በአንድ የውጭ አገር የስልክ ድርጅት የታሰረ ስልክ የእኛን ሲም አይቀበልም። ቀጥሎ መደወያው ላይ *#0*# ጻፉ፤ የሳምሰንግ መፈተሻ ይከፈታል። ቀለሞቹን አንድ በአንድ እየመረጣችሁ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ መስመር፣ የቆየ ምስል ጥላ ካለበት ስክሪኑ እያለቀ ነው። አሻራችሁን አስመዝግባችሁ ሞክሩት፤ የኤስ10 አሻራ ማንበቢያ ከስክሪኑ ሥር ስለሆነ ወፍራም መስታወት ከተለጠፈበት ላያነብ ይችላል፣ መስታወቱ ይነሣና ድጋሚ ይሞከር። በመጨረሻ *#06# ጻፉ። የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) ከካርቶኑና ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ፤ አንድ ከሆነ ሻጩ ያንኑ ቁጥር ከስሙና ከቀኑ ጋር ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ።