«ከዚህ ጀምሮ» ሲሏችሁ ስልኩን ዝጉት፦ ቁልፉን መኪና ውስጥ ለሚረሳ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ገንዘቤ ይመለስልኛል ብዬ አይደለም። እሱ ሄዷል፤ አልቅሼለት ጨርሻለሁ። ነገ ከእናንተ አንዱ ቁልፉን መኪና ውስጥ ዘግቶ፣ በመስታወቱ አሻግሮ እያየው ሲቆም መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ስልኩን አውጥቶ «የመኪና ቁልፍ የሚከፍት» ብሎ ይፈልጋል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። የተበላሁትም እዚያው ላይ ነው።

መኪናዬ ትንሽ ዕድሜ የጠናባት ናት። ሪሞት አላት፤ ግን ቁልፉ ውስጥ ይሁን ውጭ የምታውቅበት ብልሃት የላትም። አመሻሽ ላይ ዕቃ ይዤ መጣሁና የኋላውን በር ብቻ በሪሞቱ ከፈትኩ። አራቱ የጎን በሮች እንደተቆለፉ ናቸው። ሞቆኝ ስለነበር ጃኬቴን አወለቅኩ። ሪሞቱን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ጃኬቱን ዕቃው ላይ ጣል አደረግኩና በሩን ወደ ታች ሳብኩት። ጓ! ድምፁን ስሰማ ሆዴ ቡጭ አለ። ጃኬቴ በኋላው መስታወት በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኪሱ ላይ ያበጠችው ነገር ቁልፌ ናት። ከእጄ እስከ እሷ አንድ ክንድ አይሞላም።

የስልኬ ባትሪ 18 በመቶ ነበር። መሽቷል። እንዲህ የሆነ ሰው ሦስት ቦታ ደውሎ ዋጋ አያወዳድርም። በር እንከፍታለን የሚሉት አጭበርባሪዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ከፍለጋው መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ። ከላዩ «ማስታወቂያ» የምትል ደቃቅ ጽሑፍ እንደነበረች ያየኋት በማግስቱ ነው። አንዲት ልጅ አነሳች። ድምጿ ማር ነው። «የቁልፍ አገልግሎት፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። የድርጅት ስም የለም። የመኪናዬን ዓይነት አልጠየቀችኝም፤ የት እንዳለሁ ብቻ ጠየቀች። ዋጋውን ስጠይቃት ደስ የሚል ትንሽ ቁጥር ነገረችኝ። ከቁጥሩ ቀጥላ አንዲት ቃል ጣል አደረገች፦ «ጀምሮ»። ቶሎ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ የሰማሁት ቁጥሩን ብቻ ነው። «20 ደቂቃ ቢበዛ» ብላ ዘጋችው።

ሰውዬው የመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በየመሃሉ ስደውል «ደርሷል፣ መታጠፊያው ላይ ነው» እባላለሁ። የመጣባት መኪና ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ወጣት ልጅ ነው፣ ትሁት ነው። ግን መኪናው የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሥራውን የሚያከብር ቁልፍ ሠሪ መታወቂያና ሊብሬ ሳያይ በር አይከፍትም። ሊብሬው ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከፍቶ፣ እሱን አይቶ ነው የሚያስረክባችሁ። ማንነታችሁን የማይጠይቅ ሰው ለሌባም በዚያው ፍጥነት ይከፍትለታል።

የእጅ ባትሪውን በቁልፍ ማስገቢያው ላይ አበራ። ምላሱን ጠጭ አደረገ። «ውይ እህቴ፣ ይሄ ልዩ ቁልፍ ነው። በቀላሉ አይከፈትም። መሰርሰር አለበት።» መሰርሰሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ይዞታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ስለ መኪና ብዙም አላውቅም፤ ግን ለተረሳ ቁልፍ በር መሰርሰር ሊዋጥልኝ አልቻለም። በኋላ ስጠያይቅ ልክ ነበርኩ። የመኪና በር ሲቆለፍ ባለሙያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ አየር የሚሞላ ትንሽ ከረጢት በበሩና በክፈፉ መሃል አስገብቶ፣ በእጅ እየነፋ ስንጥቅ መክፈት ነው። ከዚያ ረጅም ዘንግ አሾልኮ ከውስጥ መክፈቻውን ይጫናል ወይም ቁልፉን ራሱን ይጎትታል። ሁለተኛው ለመኪናው ቁልፍ ዓይነት በተሠራ መሣሪያ በቁልፍ ማስገቢያው በኩል መክፈት ነው። በሪሞት ሲቆለፉ የውስጥ እጀታቸው የማይሠራ መኪኖች አሉ። እነዚያ ላይ ዘንጉ ዋጋ ስለሌለው ሁለተኛው መንገድ ነው የሚያዋጣው። መሰርሰር የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ታዲያ ለምን ይቸኩሉበታል? የተሰረሰረ ቁልፍ አዲስ ይፈልጋል። አዲሱን የሚሸጥላችሁም እሱ ራሱ ነው።

«አይሰረሰርም» አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ ያቺን ከረጢት አወጣና በአራት ደቂቃ ውስጥ ከፈተው። አራት ደቂቃ! ደስ ብሎኝ ላመሰግነው ስል ጃኬቴን ከኋላ አንስቶ ቁልፉን አወጣ። ግን አልሰጠኝም። በጣቱ እያሽከረከረ በሌላ እጁ ስልኩ ላይ መደመር ጀመረ። የመምጫ። የማታ። የልዩ ቁልፍ። የሥራ። ልጅቷ በስልክ የነገረችኝ ቁጥር ለካ የመምጫው ብቻ ኖሯል። ድምሩ የእሷን አምስት እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ።

በካርድ ልክፈል ስለው «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ካሽ ብቻ» አለ። ገንዘብ ማውጫው ማሽን ድረስ አብሮኝ ሄደ። ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ከደብተር ላይ ወረቀት ቀዶ ቁጥር ጻፈና ፈረመ። ስም የለ፣ አድራሻ የለ፣ ስልክ የለ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ ሳያት ይነደኛል።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነት ስጨምር ከጆሮዬ ሥር ፉጨት መጣ። ሬዲዮው መስሎኝ ዘጋሁት። ፉጨቱ ቀጠለ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወንበሩ ጫፍ ረጥቦ አገኘሁት። መካኒኩ ያሳየኝን እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ወረቀት በበሩና በክፈፉ መሃል አድርጎ በሩን ዘጋና ወረቀቱን ሳበው። በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ በደንብ ከነከሰ ወረቀቱን አንቆ ይይዘዋል። የእኔ ከበሩ የላይኛው ጥግ ላይ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ልጁ ከረጢቱን ከመጠን በላይ ነፍቶ የበሩን ክፈፍ አጥፎታል፤ ጎማውንም ቀዶታል። እንግዲህ ሌላ ወጪ።

ትልቁን ጉድ ግን ገና አልነገርኳችሁም። በሩን ለማስጠገን ኢንሹራንሴ ጋ ደወልኩ። ሰውየው ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ «ለምን መጀመሪያ ለእኛ አልደወሉም? ውልዎ ላይ እኮ የመንገድ ላይ እርዳታ አለ፤ በር መክፈትም ይጨምራል» አለኝ። በነፃ። ውሉ እቤቴ ሁለት ዓመት ተቀምጧል፤ አንብቤው አላውቅም።

ስለ አሠራራቸው ከሚያውቁ ሰዎች የሰማሁት እንዲህ ነው። አሥር የተለያየ ስም ያላቸው ማስታወቂያዎች ታያላችሁ፤ ስልኩ የሚጮኸው ግን አንድ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል። የምታነሳው ልጅ ቁልፍ ሠሪ አይታ የማታውቅ ልትሆን ትችላለች። ሥራዋ ዝቅተኛ ቁጥር ጠርታ ሰው መላክ ነው። የሚላከው ልጅ ከሚያመጣው ላይ ድርሻ ይነሳለታል። በስልክ በተጠራው ቁጥር ቢሠራ ለነዳጁም አይበቃውም። ስለዚህ በር ላይ ደርሶ ዋጋ መስቀል እንጀራው ነው። ልጁን በግሉ ብዙም አልጠላሁትም፤ ሥራው የተዘረጋው እንዲያ ነው።

እውነተኛውን ለመለየት አንዱ መንገድ ምን እንደሚጠይቃችሁ መስማት ነው። ባለሙያ ከሆነ የመኪናውን ስም፣ ሞዴል፣ ዓመተ ምህረት፣ የቁልፉን ዓይነት፣ ቁልፉ የት እንደቀረ ይጠይቃል። የሚይዘውን መሣሪያ የሚወስነው ይህ ነው። ይህን ካወቀ ደግሞ ጠቅላላ ዋጋ መናገር አያቅተውም። «ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «በሩ ተከፍቶ እኔ እስክነዳ ድረስ፣ የመምጫውም የማታውም ተደምሮ፣ ጠቅላላ ስንት?» በሉ። ከዚያ ቁጥሩን ከድርጅቱ ሙሉ ስም ጋር በቴክስት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። «ሠራተኛው አይቶ ይነግርዎታል» ካሉ ቻው።

ሰውዬው መጥቶ፣ በሩን ሳይነካ ዋጋ ከቀየረ ይሂድ። ምንም ዕዳ የለባችሁም የሚያስብል ቴክስት ስልካችሁ ላይ አለ። ከፍቶ ከሆነና ቁልፋችሁን ይዞ ከሆነ ግን በጨለማ ብቻችሁን አትጋጠሙ። የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሱ፣ ፖሊስ ጋ ደውሉ፣ መክፈል ግድ ከሆነም በካርድ እንዲሆን ሞክሩ። የካርድ ክፍያን ባንክ እንዲመረምርላችሁ መጠየቅ ይቻላል። ካሽ ከእጅ ከወጣ ወጣ ነው።

ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ደግሞ ሁሉንም በር ሞክሩ። ሁሉንም! የጋቢናውንም የኋላውንም። ትርፍ ቁልፍ ቤት ካለ ታክሲ ተሳፍሮ ማምጣት ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ከስልክ የሚከፈቱበት መተግበሪያ አላቸው፤ ቁልፉ ሲጠፋ ሳይሆን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ጫኑት።

ሌላው ብዙ ሰው በከንቱ የሚከፍልበት ነገር የሪሞት ባትሪ ማለቅ ነው። ሪሞቱ ሞተ ማለት ተቆልፎባችኋል ማለት አይደለም። ያለ ቁልፍ የሚነሳ መኪና ካላችሁ፣ ሪሞቱ ሆድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የብረት ቁልፍ ተደብቃ ትገኛለች። ጎኑ ላይ ያለችውን መክፈቻ ገፋ ስታደርጉ ትወጣለች። ማስገቢያው አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር እጀታ ላይ ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ በትንሽ ፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ከገባችሁ በኋላ የሞተውን ሪሞት ከማስነሻው ጋር አስጠግቶ ማስነሻውን መጫን ብዙ መኪና ያስነሳል። በአንዳንዱ ቦታው ሌላ ነው፤ መመሪያው ላይ አለ። ባትሪው ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ነው፤ ከብዙ ሱቅ ይገዛል።

በቪዲዮ የምታዩትን፣ የተበሳ የቴኒስ ኳስ ማስገቢያው ላይ ገጥሞ በመጭመቅ በር የመክፈት ዘዴ ተዉት፤ አይሠራም። ቤት ያለ ሰው ደውሎልኝ ትርፍ ሪሞቱን ስልኩ አጠገብ ይጫንልኝ፣ እኔ ስልኬን ወደ መኪናው ላስጠጋ የምትሉም አላችሁ። ሪሞት የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ በስልክ የሚተላለፈው ደግሞ ድምፅ ብቻ። የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ በመስታወቱ ሥር መክተትም አደገኛ ነው። በሩ ውስጥ ሽቦዎች አሉ፤ በአንዳንድ መኪና የኤርባግም ይኖራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ውስጥ ማንም በሌለበት ጊዜ ነው። ሕፃን ተቆልፎ ከሆነ ዋጋ መጠያየቅ ብሎ ነገር የለም። ውጭው 22 ዲግሪ እያለ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ሊደርስ እንደሚችል ተለክቷል፤ አብዛኛው ጭማሪ ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው የሚመጣው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ በጣም ቶሎ ይግላል። ለአደጋ ጊዜ ቁጥር ደውሉ። ልጁ ከደከመ አትጠብቁ፤ ከእሱ የራቀውን የጎን መስታወት ጥጉ ላይ በጠንካራ ነገር ምቱት። የፊቱ መስታወት ተነባብሮ የተጣበቀ ስለሆነ አይበተንም፤ ጊዜ አታባክኑበት።

ባለፈው ሳምንት ነገሩ ስላልወጣልኝ ያንኑ ቁጥር ደወልኩ። ያቺው ልጅ ናት፤ ያው ማር ድምፅ። መኪናዬ ተቆልፎብኛል አልኳት። ያንኑ ቁጥር ነገረችኝ፤ ቀጥላም «ጀምሮ» አለች።

«እስከ ስንት?» አልኳት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።