አባቴ የተዉልንን የቦክሰኛውን የሙሐመድ አሊ ፊርማዎች ለመረመሩልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በባልቲሞር አቅራቢያ የታዋቂ ስፖርተኞችን ፊርማ በመመርመርና የተፈረመባቸውን ዕቃዎች ዋጋ በመገመት የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ለቤተሰባችን የሰጡትን ቅን አገልግሎት በአደባባይ ለማመስገን፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ለሚገጥማችሁም ለመጠቆም ይህን እጽፋለሁ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ከተዉልን ንብረት መካከል ሁለት የሙሐመድ አሊ ፊርማዎች ይገኙበታል። አንደኛው በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ ቀይ የቦክስ ጓንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሊ በሚንቀጠቀጥ እጁ የአትላንታውን የኦሎምፒክ ችቦ ሲለኩስ፣ በዚያው ውድድር ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያገኙ አባቴ በቴሌቪዥን እያዩ እንባቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። ጓንቱንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወርቃማ ማኅተም ካለው የማረጋገጫ ወረቀት ጋር በ600 ዶላር ገዙት፤ በታክሲ ሥራ አምስት ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሁለተኛው ስለ እስልምና የምታስረዳ ትንሽ በራሪ ጽሑፍ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ ሆቴል ደጃፍ ተሳፋሪ ሲጠብቁ አሊ ራሱ እንደሰጣቸው ይነግሩን ነበር። እሷን ከድሮ ደረሰኞች ጋር በፖስታ ውስጥ አገኘናት።

ወንድሜ ጓንቱ ተሸጦ ገንዘቡ ለእናታችን እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። መጀመሪያ የሄድንበት ሱቅ ወረቀቱን ብቻ ተመልክቶ፣ ፊርማውን ሳይመረምር፣ የግምቱን ዋጋ አሥር በመቶ እንድንከፍል ጠየቀን። ከዚያ በኋላ ነው በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ወደ እኚህ ባለሙያ የሄድነው። እርሳቸው ገና ዕቃውን ሳይነኩ ክፍያቸው ለሁለቱም 150 ዶላር ቁርጥ መሆኑን፣ ግምቱ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ክፍያው እንደማይለወጥ፣ የገመቱትንም ዕቃ ራሳቸው እንደማይገዙ ነገሩን። ገማች ከግምቱ ድርሻ የሚወስድ ከሆነ ዋጋውን ማስወደድ ጥቅሙ ይሆናልና ይህን ከሁሉም በፊት መጠየቅ እንደሚገባ የተማርኩት ከእርሳቸው ነው።

ምርመራውን አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩን። አሊ በየዘመኑ የፈረማቸውንና ቀናቸው የታወቀ ፊርማዎችን በዓመት ከፋፍለው ይዘዋል፤ በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ካሲየስ ክሌይ ተብሎ ወርቅ ካገኘበት ጊዜ (አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ መሆኑን ያነሡልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም)፣ በ1964 ስሙን ከቀየረበት ጊዜ፣ በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ከታወቀም በኋላ ያሉት ሁሉ አሉ። የሕመሙ ዓመታት በገፉ ቁጥር ፊርማው እያነሰና እየተጨመቀ ሲሄድ በዓይን ይታያል። በእኛ ጓንት ላይ ያለው ግን በ1996 ተፈረመ ተብሎ ሳለ በ1970ዎቹ እንደነበረው ሰፊና የተዘረጋ ነው። አጉሊ መነጽሩን ሰጥተውኝ ‘ኤም’ የምትለዋ ፊደል የምትታጠፍበትን ቦታ እንዳይ ነገሩኝ፤ ማርከሩ እዚያ ላይ ቆሞ ቀለሙ እንደ ነጠብጣብ ተጠራቅሟል። ስሙን በሕይወቱ ብዙ ሺህ ጊዜ የጻፈ ሰው መታጠፊያው ላይ ቆሞ አያስብም፤ የሚያስበው እያየ የሚገለብጥ ሰው ነው። ፎርጅድ መሆኑን በዚህ አረጋገጡልን።

የማረጋገጫ ወረቀቱን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ኦፕሬሽን ቡልፔን በሚል ስም በሳን ዲዬጎ ያካሄደውንና በ1999 ቤቶችንና መጋዘኖችን የፈተሸበትን ምርመራ አስታወሱን። በዚያ የተያዙት አስመሳዮች የእማሆይ ቴሬሳን ፊርማ ሳይቀር በቤዝቦል ኳስ ላይ ጽፈው እንደነበርና ሐሰተኛ ፊርማ ከነማረጋገጫው ገበያ ይወጣ እንደነበር ነገሩን። ፊርማውን ማስመሰል የቻለ ሰው ወረቀት ማሳተም አያቅተውም።

በራሪ ጽሑፏ ግን እውነተኛ ናት። አሊ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን እየፈረመ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያድል እንደነበር፣ ብዙ ጊዜም ቀን ይጽፍባቸው እንደነበር አስረዱን፤ በእኛም ላይ ወርና ዓመቱ በእጁ ተጽፏል። ብዛት ስላላቸው ዋጋቸው እንደ ጓንት እንደማይሆን በግልጽ ነግረው፣ ሻጮች የሚጠሩትን ሳይሆን በቅርቡ በጨረታ የተሸጡትን አምሳያዎች አነጻጽረው 250 ዶላር ገመቱ። ይህንንም ከነፎቶግራፉና ከነምክንያቱ በሦስት ገጽ ጽፈው ፈርመውበት ሰጡን።

ጓንቱ ፎርጅድ መሆኑን ስሰማ አባቴ ያን ገንዘብ ስንት ሌሊት እንደነዱበት ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ። ባለሙያው ሥራቸውን አቁመው ሻይ አቀረቡልኝ፤ ስለ አባቴም ጠየቁኝና ረጅም ጊዜ አደመጡኝ። ለዚህም ጭምር ነው የማመሰግናቸው። በራሪ ጽሑፏን እናቴ አትሸጥም ብላለች።

ስማቸውንና ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ቀጠሮ የሚይዙት ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ዕቃችሁን ስትወስዱ የተገዛበት ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም የዘመኑ ፎቶግራፍ ካለ አብራችሁ ያዙ፤ ፊርማውን በጨርቅ አትወልውሉት፣ ደብዝዞ ቢሆንም በላዩ ላይ ደግማችሁ አትጻፉበት።